የሀገረ ስብከቱን ዓመታዊ ጥሪ በቁምስናችሁ እንዴት ታስኬዳላችሁ?

አባ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብለው «የዘንድሮውን የሀገረ ስብከቱን ጥሪ እናንተ ብትይዙልንስ?» ካሏችሁ፣ እናንተም እምቢ ማለት ከብዷችሁ «እሺ አባ» ካላችሁ፣ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ የካቶሊክ ሀገረ ስብከቶች በዓመት አንዴ ለምዕመናን በሙሉ የእርዳታ ጥሪ ያቀርባሉ። ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ጋ የጳጳሱ ጥሪ ነው፣ ሌላው ጋ የካቶሊክ ቻሪቲስ ጥሪ፤ የኛ ሰው ግን ዝም ብሎ «አፒል» ነው የሚለው። እሑድ እሑድ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የምትጥሉት ገንዘብ ለቁምስናችሁ፣ ማለትም ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችሁ፣ መብራት፣ ጥገናና ደመወዝ ይውላል። አፒሉ ደግሞ አንድ ቁምስና ብቻውን የማይወጣውን ሥራ ይሸፍናል፦ የምግብ እደላ፣ የቤት አልባዎች መጠለያ፣ የዘርዓ ክህነት ተማሪዎች ትምህርት፣ በሆስፒታልና በእስር ቤት የሚያገለግሉ ካህናት፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ክፍያ ለከበዳቸው ቤተሰቦች ድጎማ።

ከሀገረ ስብከቱ ቢሮ በካርቶን ፖስተርም፣ የቃል መግቢያ ካርድም፣ መመሪያም ይላክላችኋል። ብዙ ጊዜ ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ ሲዘጋጅም የኛን ሰው አስቦ አይደለም። እድር ከፍሎ፣ እቁብ ጥሎ፣ ወር ጠብቆ አገር ቤት ልኮ፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ ፖስታ ይዞ የሚሄድ ሰው ንፉግ አይባልም። አፒሉን ዘሎ የሚያልፈው ገንዘቡ የት እንደሚገባ የነገረው ስለሌለ፣ ፊት ለፊት የጠየቀውም ስለሌለ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ካስተካከላችሁ ሌላው ቀላል ነው።

1. መጀመሪያ እናንተ ጠይቁ

ማንንም ከመጠየቃችሁ በፊት አፒሉን ወደሚመራው የሀገረ ስብከቱ ቢሮ ደውሉ። የኛ ቁምስና ድርሻ ስንት ነው፣ እንዴትስ ተሰላ በሉ። አብዛኛውን ጊዜ የቁምስናውን ገቢ አይተው ነው የሚመድቡት። ቀጥሎ፣ ከድርሻችን በላይ ብንሰበስብ ትርፉ ወዴት ይሄዳል? በብዙ ሀገረ ስብከቶች ትርፉ በሙሉ ወይም በከፊል ለቁምስናው ይመለሳል። እናንተም ጋ እንደዚያ ከሆነ ይሄን ሳትሰለቹ ደጋግማችሁ ተናገሩ፣ ምክንያቱም የሚያፈሰውን የአዳራሽ ጣሪያ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብናጎድልስ? አንዳንዱ ጋ ጉድለቱ ከቁምስናው ካዝና ይቆረጣል፣ አንዳንዱ ጋ ይታለፋል። የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርት የት እንደሚገኝም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ ያወጡታል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። «የኔ ገንዘብ ለጠበቃና ለካሳ ነው እንዴ የሚውለው?» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። በካህናት በሕፃናት ላይ የደረሰው ጥቃት እ.ኤ.አ. በ2002 ቦስተን ላይ በሰፊው ከተጋለጠ ወዲህ በርካታ ሀገረ ስብከቶች የካሳ ክስ በዝቶባቸው በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠይቀዋል። ሮቸስተር በ2019፣ ቡፋሎ በ2020። ይሄን የሰማ ሰው ቢጠይቃችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ብዙ ሀገረ ስብከቶች የአፒሉ ገንዘብ ለካሳ እንደማይውል በጽሑፍ ያስታውቃሉ፤ የእናንተም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ካለው አስልኩና ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ከሌለ ግን «ግዴለም፣ አይነካም» ብላችሁ በራሳችሁ አፍ ዋስ አትሁኑ።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም ከጠያቂው ጋር ነው። ቀኖና 1267 ምዕመናን ለአንድ ዓላማ የሰጡት ስጦታ ለዚያው ዓላማ ብቻ እንዲውል ይደነግጋል። ቀኖና 1287 ደግሞ አስተዳዳሪዎች የተሰጣቸውን ነገር ምን ላይ እንዳዋሉት ለምዕመናን ሒሳብ እንዲያቀርቡ ያዛል። አባቶችን ስለ ብር መጠየቅ ነውር የሚመስለው ሰው ካለ ቅዱስ ጳውሎስን አንሡለት። ለኢየሩሳሌም ድሆች ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ጳውሎስ ብቻዬን ልያዘው አላለም፤ ቲቶንና ሌሎች ወንድሞችን ጨምሮ ላከ። በዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን ብለን ነው ሲልም በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ ጽፎታል።

2. ትክክለኛውን ሰው ሰብስቡ

አራት አምስት ሰው ይበቃል። ሀብታሙን ሊቀመንበር ማድረግ የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም። ለቅሶ ሲደርስ ለሁሉም የምትደውለዋ ሴትዮ ትበልጣለች። የማንን ልጅ ማን እንደዳረ፣ ማን ሥራ እንደፈታ፣ ማን እንዳኮረፈ እሷ ታውቃለች። ከሷ ጋር አንድ የሚከበሩ አባት፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚቀለው አንድ ወጣት፣ ሒሳብ የሚወድ አንድ ሰው ጨምሩ። ላቲን ቁምስና (የፈረንጆቹን ሥርዓት የሚከተል) ውስጥ ከሆናችሁ የቢሮዋን ጸሐፊ ወዳጅ አድርጓት፤ የስም ዝርዝሩ እሷ ጋ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ግን የኛን ሰው ፈልጋችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ። ለዓመታት እያስቀደሰ ቁምስናው ውስጥ ያልተመዘገበ ሞልቷል፣ የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ደግሞ በፖስታ የሚደርሰው ለተመዘገበ ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ዝርዝር ከቫይበሩ ወይም ከዋትሳፑ ግሩፕ አውጡ። እግረ መንገዳችሁን የመመዝገቢያ ቅጹንም አስሞሉ።

ኮሚቴው ቀድሞ ይስጥ። ስንት የሚለው የየራስ ነው፣ ግን ሳይሰጡ መጠየቅ ከፊት ላይ ይነበባል።

3. አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ

የእንግሊዝኛውን ብሮሹር ቃል በቃል አትተርጉሙት። «የማኅበረሰቡን ሁለንተናዊ ደኅንነት ለማጎልበት» የሚል ነገር ማንም አይጨርሰውም። የትኛው ሰፈር ያለው የምግብ ማደያ፣ የትኛው መጠለያ፣ የትኛው ክሊኒክ ከዚህ ገንዘብ እንደሚደገፍ ስም ጠርታችሁ ጻፉ። ስንት ሰው እንደተረዳ ቢሮውን ጠይቃችሁ እነሱ የሰጧችሁን ቁጥር ብቻ አስፍሩ። እማማ በአውቶቡስ መስኮት በየቀኑ የሚያዩት ሕንፃ ገጹ ላይ ካለ ሥራችሁ ግማሹ አልቋል።

«ለኢትዮጵያ ይሄዳል ወይ?» ለሚለው በግልጽ መልሱ። አብዛኛው ገንዘብ የሚውለው እዚያው ሀገረ ስብከቱ ውስጥ ነው። ባሕር ማዶ መርዳት ለሚፈልግ ሌላ በር አለ። የአሜሪካ ጳጳሳት በ1943 ያቋቋሙት ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስስ ኢትዮጵያ ውስጥም ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በዐቢይ ጾም ለየቤቱ የሚታደለው የራይስ ቦውል ካርቶንም የሱ ነው፣ ከዚያ የሚሰበሰበው ሩብ ያህሉ እዚሁ ሀገረ ስብከቱ ውስጥ ይቀራል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ጨምሮ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን የሚረዳ በ1926 የተመሠረተ የጳጳሳዊ ድርጅትም አለ፣ ሲኒዋ ይሉታል። እነዚህን ገጹ ላይ ብትጽፉ ከአፒሉ ሰው ይቀንሳል ብላችሁ አትፍሩ። ተደበቀብኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው የሚቀንሰው።

ሌላ የምትሰሙት ነገር «ይሄ የፈረንጆቹ ጥሪ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚል ነው። እውነታው ግን የግዕዝ ሥርዓት ተከታዮች አሜሪካ ውስጥ የራሳችን ሀገረ ስብከት የለንም። በየምንኖርበት የላቲን ጳጳስ ሥር ነን። የምናስቀድስበት ሕንፃ፣ የካህናችን ፈቃድና ምደባ ከዚያው ቢሮ ጋር የተያያዘ ነው። እድር ውስጥ ድንኳኑን ተጠቅሞ መዋጮው ላይ የሚጠፋ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

ገጹ ግርጌ ላይ ስሌቱን አስቀምጡ። በወር 10 ዶላር ለ10 ወር 100 ዶላር ነው። በወር 25 ቢሆን 250። ትልቁን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ካርዱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፣ የወሩን ያየ ግን ያሰላል።

4. የሚመሰክር ሰው ፈልጉ

ከአባ ስብከት ይልቅ ከመካከላችን የወጣ ሰው የሦስት ደቂቃ ንግግር ሰው ያስሰጣል። ይሄን ሰው ለማግኘት ብዙ አትደክሙም። ካቶሊክ ቻሪቲስ በ1910 ዋሽንግተን ውስጥ የተጀመረ፣ ሃይማኖት ሳይለይ የሚረዳ ድርጅት ነው። ስደተኛ ሆነው አሜሪካ ከገቡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መካከል አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላቸው፣ የመጀመሪያውን አፓርታማ ያገኘላቸው፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይዟቸው የሄደው የካቶሊክ ቻሪቲስ ሠራተኛ የሆነላቸው ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ከፌዴራል መንግሥት ጋር የነበረውን የስደተኞች ማስፈር ስምምነት እንደማያድስ አስታውቋል። የመንግሥት ገንዘብ ሲቀንስ ምዕመኑ የሚሰጠው ዋጋው ይጨምራል፣ ይሄን መናገር ፖለቲካ አይደለም።

ተናጋሪው እንዲያለቅስ ወይም እንዲያስለቅስ አትገፋፉት። ምን ችግር ነበረብኝ፣ ማን ምን አደረገልኝ፣ ዛሬ የት ነኝ፣ በቃ። በጽሑፍ አዘጋጅቶ ከአንድ ቀን በፊት ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ሰዓት ያዙለት። «ትንሽ ልናገር» ብሎ ሃያ ደቂቃ የሚወስድ ሰው ቅዳሴውንም አፒሉንም ይዞ ይወድቃል። የተረጂ ሰው ታሪክ ለመናገር ፈቃዱን በግልጽ ጠይቁ፣ የልጆች ፎቶ ደግሞ ስክሪን ላይ አታውጡ።

5. ሦስት እሑዶች

የመጀመሪያው እሑድ ማስታወቂያ ነው። የጳጳሱ ደብዳቤ ወይም ቪዲዮ ይቀርባል፣ የአማርኛው ገጽ ይታደላል። ብር የሚል ቃል አይነሣ፤ «በሚቀጥለው ሳምንት እናወራለን» ይበቃል።

ሁለተኛው እሑድ ዋናው ነው። ከስብከቱ በኋላ፣ ሰው ገና ተቀምጦ ሳለ፣ ካርዱና እርሳሱ በየአግዳሚው ይታደላል። «ስትወጡ በሩ ላይ ውሰዱ» ከተባለ ካርዱ መኪና ወንበር ሥር ነው የሚቀረው። አባ ወይም ከኮሚቴው አንዱ ካርዱን ከፍ አድርጎ ይዞ መስመር በመስመር ያስሞላ። ስም። አድራሻ። ከዚያ የቁምስና ስም የሚለው መስመር፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ባዶ ከተተወ ስጦታው ለእናንተ ቁምስና ላይቆጠር ይችላል። በተለይ አንድ እሑድ ግዕዝ ቅዳሴ፣ ሌላ እሑድ ሰፈሩ ያለው ላቲን ቁምስና የሚሄድ ሰው የትኛውን እንደሚጽፍ አስቀድሞ ይወስን። ቀጥሎ ጠቅላላ ቃል የገባው መጠን፣ ዛሬ የሚከፍለው፣ በወር የሚቀረው። ፊርማ። ለአምስት ደቂቃ ያህል መዘምራኑ ቀስ ያለ መዝሙር ያሰሙ፣ ማንም አይናገር። ያ ዝምታ ያስጨንቃል፣ ማይክ የያዘ ሰው ሊሞላው ይቸኩላል። ተዉት። ባልና ሚስት ተንሾካሹከው የሚስማሙት በዚያች ደቂቃ ነው።

የእንግሊዝኛ ካርድ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናቶች ከወጣቶቹ ሁለት ሦስቱ በየረድፉ ዝቅ ብለው ይርዱ። ከጎን ያለው እንዳያይ ግን ይጠንቀቁ።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። በኛ ሰው ዝግጅት ማይክ ይዞ «እገሌ 500 ዶላር! አጨብጭቡላቸው!» ማለት የተለመደ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ግዢ ምሽት ሊሠራ ይችላል፣ አዳራሽም ያሞቃል። ለአፒል ግን አታድርጉት። ሃያ ዶላር ያላት የቤት ጽዳት ሠራተኛ አምስት መቶ ሲጠራ ሰምታ ካርዷን ታጥፈዋለች፣ ቀጣዩን ዓመትም ያን እሑድ ሌላ ቦታ ታስቀድሳለች። ጌታም ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ ነው ያለው። በይሉኝታ የተገባ ቃል ደግሞ ካርዱ ላይ እንጂ ባንክ ውስጥ አይገኝም።

ሦስተኛው እሑድ ያመለጣቸው ካርድ የሚያገኙበት ነው። አጭር ማስታወቂያ ከምስጋና ጋር፣ ሌላ ምንም።

6. በግል ጠይቁ

ግሩፕ ላይ የተለጠፈ መልእክት «አሜን» ከሚል ስቲከር ሌላ ብዙ አያመጣም። የሚያመጣው ስልክና ቡና ነው። ዝርዝሩን ተከፋፈሉ፤ እያንዳንዱ የሚቀርበውን አሥር ሰው ይያዝ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቡናው ሲፈላ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ጋሼ፣ የአፒሉን ካርድ አይተውታል?»
«አይቼዋለሁ ልጄ። የዘንድሮ ኑሮ ግን አልቻልነውም።»
«እውነት ነው ጋሼ። እኔ በወር አሥር አሥር ብያለሁ። እርስዎ የሚመችዎትን ያህል፣ አሁን ካልሆነም ሌላ ጊዜ።»
«አሥርም ይሆናል እንዴ?»
«በደንብ ነዋ።»

የራሳችሁን ቁጥር መናገር የምትችሉት እንዲህ ለብቻ ስትሆኑና ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ ዝም በሉ። ሁለተኛ አትወትውቱ።

«እናቴን እየረዳሁ ነው፣ የወንድሜን ልጆች እያስተማርኩ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ክርክር አትግጠሙ። ያም ምጽዋት ነው፣ አንዳንዴም ከማናችንም ይበልጣል። «እግዜር ይስጥልን» ብላችሁ ስሙን ከዝርዝሩ አውጡት። በአባ ወይም በቤተ ክርስቲያን የተቀየመ ሰው ሲመጣ ደግሞ ስለ ብር ማውራቱን ትታችሁ አዳምጡት። ሥራ የፈታ ሰው እንዳለ ካወቃችሁ ጭራሽ አትጠይቁት፤ እንዲያውም ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ወይም ካቶሊክ ቻሪቲስ ሊረዳው ስለሚችል ስልካቸውን ስጡት። አፒሉ የሚያገለግለው እሱንም ነው።

7. ብሩን በሥርዓት ያዙ

ጥሬ ገንዘብና ካርድ የሚቆጥሩት ሁልጊዜ ሁለት ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች ይሁኑ። ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ፣ ታሽጎ ለቁምስናው ቢሮ ይግባ። «ነገ አስገባዋለሁ» ብሎ ቤቱ ይዞት የሚሄድ ሰው አይኑር፣ ጻድቅም ቢሆን። በግል ዜል ተቀብሎ ማስተላለፍም አይፈቀድ፤ ሰጪው ደረሰኝ አያገኝም፣ ተቀባዩም በኋላ ስሙ ይነሣል።

አጭበርባሪም አለ። በአባ ስም «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ጊፍት ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን ላኩልኝ» የሚል ቴክስት በየቁምስናው ይዞራል። አባም ሆኑ ጳጳሱ አፒልን በጊፍት ካርድ እንደማይሰበስቡ ከማይኩ ይነገር። ኪው አር ኮድ ከቢሮው ከመጣው ካርድ ላይ ብቻ ይነበብ።

ስለ ግብር የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ግብር ላይ ለማስቀነስ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፣ ሀገረ ስብከቱ ይልክለታል። ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ደግሞ ወጪያቸውን ዘርዝረው የማያስገቡ ሰዎችም ለበጎ አድራጎት ከሰጡት ገንዘብ ለአንድ ሰው እስከ 1,000፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር ማስቀነስ ይችላሉ። ከኛ ሰው አብዛኛው ዘርዝሮ ስለማያስገባ ይሄ ዜና ነው፣ ንገሯቸው። የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛው በሰጠው ልክ የሚጨምር ከሆነም ይጠይቁ። አንዳንዱ ለቤተ ክርስቲያን አይሰጥም፣ ለካቶሊክ ቻሪቲስ ግን ይሰጣል።

8. አመስግኑ፣ ከዚያ አሳዩ

በሳምንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰጪ ምስጋና ይድረስ። ከቢሮ የሚመጣው የታተመ ደብዳቤ አይበቃም፤ የደወለለት ሰው መልሶ ይደውል። በወር አንዴ ቡለቲኑ ላይና ግሩፑ ላይ ቁጥር አውጡ፦ ድርሻችን ይሄን ያህል፣ ቃል የተገባው ይሄን ያህል፣ የገባው ይሄን ያህል፣ የሰጠው ቤተሰብ ይሄን ያህል። ስም የለም። የቤተሰቡ ቁጥር ከዶላሩ ይልቅ ሰው ያነሳሳል፣ ምክንያቱም አሥር ዶላር የሰጠችውም እዚያ ውስጥ ናት።

በመሐል ሥራ የሚያጣ፣ የሚታመም ሰው ይኖራል። ቃሉ ዕዳ እንዳልሆነ፣ ቢሮው ጋ ደውሎ መቀነስም ማቆምም እንደሚቻል ቀድማችሁ ንገሩት። አለበለዚያ አፍሮ ከቅዳሴም ይቀራል።

የተረፉትን ካርዶች አትጣሏቸው። ዲሴምበር ላይ «ያ ነገር አሁንም አለ?» እያለ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። እስከ ዲሴምበር 31 በፖስታ የተላከ ቼክ ወይም በክሬዲት ካርድ የተከፈለ ስጦታ ለዚያው ዓመት ግብር ይቆጠራል፣ ስለዚህ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ጥቂት ካርድና እርሳስ አዳራሹ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ አይጥፋ።